የሐጃ ኡሙልኸይር ነጭ ጨርቅ

የአምባዬ ስቱዲዮ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ ዛሬም «እድሳት ላይ ነው» ይላል። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ረጅም እድሳት የተደረገለት ቤት የለም። ፍራንኮ አካባቢ የነበረችው ያቺ ጠባብ ክፍል አሁን የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር መሸጫ ሆናለች። ስልክ ገድሏት ስልክ ወረሳት ማለት ነው። ጓደኞቹ በዚህ ሲቀልዱበት አብሯቸው ይስቃል፤ በዚያ በኩል ማለፍ ሲኖርበት ግን አስፋልቱን ተሻግሮ በወዲያኛው ጠርዝ ይሄዳል።

ሀፍረት ሲከፋፈል አምባዬ የሌላውንም ድርሻ ደርቦ የወሰደ ይመስለኛል። ሻይ ስኳር ቢያንሰው ጨምሩልኝ ለማለት ያፍራል። ባጃጅ ቤቱን አሳልፎ ቢወስደው «እዚህ ጋ ነበር» ለማለት አፍሮ እስከ ማዞሪያው ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ሚስቱ አሳየች «አንተ እኮ ለመተንፈስም ፈቃድ ትጠይቃለህ» ትለዋለች። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ያልገባውን ነገር አልገባኝም ለማለት ማፈሩ ነው። ለዚህ ጉድ ያበቃውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ስቱዲዮው ሲዘጋ ካሜራውና አንድ ርካሽ የቻይና ፍላሽ ቀሩት። ፍላሽ ስል ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን አይደለም፤ አንድ ጊዜ አምባዬ በሰው ቤት «ፍላሹን ያዙልኝ» ቢል አባወራው ኪሳቸውን ዳብሰው «የትኛውን? የመዝሙሩን ነው?» ብለውታል። የእሱ ፍላሽ ብልጭ የሚለው ነው። የባትሪው ክዳን ስለማይዘጋ በላስቲክ ታስሯል። የሚቆምበት ዘንግ አንድ የመዘምራን ቡድን የጣለው የማይክሮፎን ማቆሚያ ነው። በዚህች ዕቃ ቤት ለቤት እየዞረ የልደት፣ የምርቃትና የቤተሰብ ፎቶ ያነሳል።

የማያፍረው በዚህ ሥራው ብቻ ነው። ፍላሽ ካሜራው አናት ላይ ተሰክቶ ፊት ለፊት ሲበራ ሰው ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል፤ ግንባሩ ያብለጨልጫል፣ ጥላው ከኋላው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አምባዬ ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ በዘንጉ ላይ በጎን ያቆመዋል። ካሜራውን ሲጫነው በመካከላቸው ያለች ትንሽ የሬዲዮ መላኪያ ፍላሹን ታበራዋለች። ብርሃኑንም ወደ ሰው አያዞረውም፤ ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ነጭ ጃንጥላ አዙሮ ከዚያ ተመልሶ ሰዉ ላይ እንዲያርፍ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ብርሃኑ ሰፍቶና ለስልሶ የማለዳ መስኮት አጠገብ የተቀመጡ ያስመስላል። «መስኮት በሌለበት መስኮት መሥራት ነው» ይላል፤ ይህን ሲናገር ድምፁም ከፍ ይላል።

ሀዊ የምትባል ነርስ በቴሌግራም ላይ ሥራውን አይታ ደወለችለት። አያቷ ሐጃ ኡሙልኸይር መልካሳ በምትባለው ከተማ ከወንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ቤተሰቡን ሰብስባ በአንድ ፎቶ ልታስቀራቸው ፈልጋለች።

«ስቱዲዮ እንዳላመጣት ጉልበቷን ያማታል፣ ጋሼ» አለችው።

«ስቱዲዮውም እድሳት ላይ ነው» አለ አምባዬ።

ወደ መልካሳ በሚኒባስ ሲሄድ ጃንጥላውን ከመቀመጫው ሥር አስገብቶ ነበር። አንዲት ነጋዴ የሽንኩርት ጆንያ ላዩ ላይ ስትጭንበት አይቷል። «እሱን ቀስ» ማለት ግን አፈረ። መልካሳ ሲወርድ የጃንጥላው ሽቦዎች ተሰባብረው ጨርቁን ወግተው ወጥተዋል።

የሐጃ ቤት በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። አምባዬ ሊያወልቅ ጎንበስ ካለ በኋላ የግራ እግሩ ካልሲ ትዝ አለው፤ አውራ ጣቱ ከወጣ ሰንብቷል። የጫማውን ክር እያላላ እያጠበቀ ሲንቆራጠጥ ሀዊ እንግዳ እንዳይጉላላ ብላ «ችግር የለም ጋሼ፣ እንዲሁ ይግቡ» አለችው። ጨዋ ሰው «የለም፣ አወልቃለሁ» ይላል። አምባዬ ገባ።

ቤቱ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ለፎቶ አንሺ ግን መከራ ነው። ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ብርሃን ካረፈበት ግድግዳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚመለሰው፤ ፍላሹን ወደዚያ ቢያዞረው ቤተሰቡ በሙሉ ያልበሰለ ማንጎ መስሎ ሊወጣ ነው። ጃንጥላው የለም። ስለዚህ ያለውን አንድ መላ ተናገረ።

«ነጭ ጨርቅ ይኖራል? አንሶላም ቢሆን ይሆናል።»

አንሶላው ሁሉ አበባ ያለበት ሆኖ ተገኘ። የመስኮቱ መጋረጃም ቡናማ ነው። ሐጃ ኡሙልኸይር ከተቀመጡበት ሆነው ሲሰሙ ቆይተው ምራታቸውን ጠሩ፤ ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ሰጧት። ልጅቱ ከጓዳ ሳጥን ውስጥ በሥርዓት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አመጣች። እንዲህ ያለ ንጣት አምባዬ ሱቅም ውስጥ አላየም። ሐጃ ጨርቁን ከምራታቸው ተቀብለው በገዛ እጃቸው ሰጡት፤ ከዚያም የእጁን አንጓ ያዝ አድርገው በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ነገሩት።

አምባዬ አዳማ ተወልዶ አዳማ ነው ያረጀው። ኦሮምኛው ግን ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ በዚህም ያፍራል። ከተናገሩት ውስጥ «አዲ» የምትለዋን ብቻ ለቀማት፤ ነጭ ማለት ናት። ሴትዮዋ አማርኛ ይሰማሉ፤ «ምን አሉኝ?» ቢላቸው በደስታ ይደግሙለት ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጎ «ኤዬ፣ ኤዬ» አለ። አዎ፣ አዎ ማለቱ ነው። ሐጃ ፊታቸው በራ፣ መረቁትም።

ጨርቁን በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅሎ ፍላሹን ወደ እሱ አዞረ። አንድ ጊዜ ሞክሮ ሲያየው በደስታ የሚሆነውን አጣ። ብርሃኑ የሐጃን ፊት መስመር በመስመር እየዳበሰ ያልፋል፤ ዓይናቸው ውስጥ ነጭ መስኮት ተቀምጧል። ልጃቸውን ሮባን ከኋላ፣ የልጅ ልጆቹን በግራና በቀኝ፣ ምራቲቱን ዳር ላይ አድርጎ ማንሳት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የመልካሳ ነፋስ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። መስኮቱ ብርግድ ሲል ጨርቁ ከገመዱ ተላቀቀ፤ አምባዬ ሁሉንም በአንድ ለማስገባት ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ወደ ኋላ እየተራመደ ነበር። ተጫነው፤ ፍላሹም በራ። እግሩ ሥር አንድ ለስላሳ ነገር ተሰማው። ዞሮ ቢያይ የጫማው ዱካ፣ ከነተረከዙ፣ የመልካሳን አቧራ ይዞ ጨርቁ መሐል ላይ ታትሟል።

ቤተሰቡ በብልጭታው ዓይኑ ተጭበርብሮ ይስቃል። አምባዬ ጨርቁን አፈፍ አድርጎ አነሳና ዱካ ያለበትን ፊት ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰቀለው። ያን ጊዜ ዳር ላይ ከቆመችው ምራት ጋር ዓይን ለዓይን የተጋጠሙ መሰለው፤ እርግጠኛ ግን አልነበረም። ይታጠባል፣ ጨርቅ አይደለም እንዴ ብሎ ራሱን አጽናና። ይቅርታ፣ ረገጥኩባችሁ ለማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነበር። አፈረ። አንስቶ ሲጨርስም ዱካውን ወደ ውስጥ አድርጎ ራሱ አጠፈው።

ሐጃ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት። ሳጥኑ አጠገባቸው ተከፍቶ ነበርና አምባዬ ውስጡን አየ፦ ያልተከፈተ ሳሙና፣ ጥጥ፣ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ሽቶ፣ አፏ የታሸገ የውሃ ጠርሙስ። እናቱ ነፍሳቸውን ይማርና ከኢየሩሳሌም ያመጡትን መገነዣ እንዲሁ ከሻንጣ ሥር ነበር የሚያኖሩት፤ ሊያሳዩት ሲያወጡም እጃቸውን ታጥበው ነው።

ሀዊ ወደ መናኸሪያው ስትሸኘው፣ እሱ ሳይጠይቃት፣ የጠረጠረውን አረጋገጠችለት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያወጣችልዎት ከፈኗን እኮ ነው። መካ ሄዳ፣ በዘምዘም ውሃ አጥባ ያመጣችው። ለእኛም አታሳየንም። "የምገነዝበት ነው፣ መሬት አይንካብኝ፣ አደራ" ስትልዎት ኤዬ ሲሏት ሰማሁ። ወዲያው "ይሄ ሰው ጨዋ ነው፣ ሥርዓት ያውቃል" አለችን።»

«አዎ… አዎ፣ ነግረውኛል» አለ አምባዬ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ይሏል ይህን ነው፤ በዱካው ላይ ውሸት ጨመረበት።

ቤቱ ገብቶ ፎቶውን በኮምፒውተር ሲከፍተው ባሰበት። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። አሳየች ከኋላው መጥታ «ውይ! ይህን ፊት ማን ሠራው?» ስትለው ኮምፒውተሩን ዘጋባት። ያ ውብ ብርሃን ከምን ላይ ተመልሶ እንደመጣ እሱ ያውቃል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት እሱ ራሱ መሆኑንም ያውቃል።

ፎቶውን ማድረስ ከበደው። ለሀዊ አንድ ጊዜ ቀለም አልቋል፣ ሌላ ጊዜ መብራት የለም፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍሬሙ ገና ነው አላት። ሌሊት የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሐጃ አንድ ቀን መሞታቸው አይቀርም። ያን ቀን ያ ጨርቅ በሰው ፊት ይዘረጋል፤ መሐሉ ላይም የአምባዬ ጫማ ይገኛል። ከመሞታቸው በፊት መናገር አለበት። ከተናገረ ደግሞ ወሬው በሀዊ በኩል አዳማ ይገባል፤ አሁን የቀረው ስቱዲዮ የሰው ቤት ነው፤ ከፈን የረገጠ ሰው ማን በሩን ይከፍትለታል? ስልኩን አንስቶ ይደውልና ሳይነሳ ይዘጋዋል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለእርሻ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ለአሳየች ነገራት። ካልሲው ጋ ሲደርስ ሳቀች። ከፈን የሚለውን ስትሰማ ግን ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አንተ ሰውዬ! ሴትዮዋ ዛሬ ቢሞቱስ?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ረገጥኩት ብለህ ነዋ! አፍ የለህም?»

በማግስቱ ሀዊ ደወለች። አያቷ ፎቶው ቢደርስም ባይደርስም ሰውየው ለምሳ ይምጣልኝ፣ የምነግረው አለኝ ብለዋል። አምባዬ ታወቀብኝ ብሎ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን ቀለል አለው። ከታወቀ መናገር አይኖርበትም፤ መሰደብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ መሰደብ ደግሞ ይችልበታል።

የሆነው ሌላ ነው። ሐጃ ኡሙልኸይር ያ ጉልበታቸው እያመማቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሉት። ጎናቸው አስቀመጡት። ፎቶውን ከወረቀቱ ሲያወጣላቸው ቀረብ አድርገው፣ ራቅ አድርገው አዩትና ዱዓ አደረጉለት። ሮባም ከወዲያ በኩል ቆሞ «ገለቶማ፣ ጋሼ» ብሎ አመሰገነው። ከዚያ ሐጃ የአምባዬን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ እኛ አንተን አስቀይመናል። አንተ ባትሰማም አስቀይመናል።»

«ኧረ ሐጃ፣ ምን አድርጋችሁኝ?»

«ለጁምዓ ሽቶ ላስነካው ብዬ ያን ጨርቄን ብከፍተው የጫማ ዱካ አለበት። ይቺ የልጄ ሚስት "ፎቶ አንሺው ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አለች። ተቆጣኋት። ቤቴ የገባውን እንግዳ፣ አደራ ስለው ኤዬ ያለኝን ሰው ታሚዋለሽ? አልኳት። ሳጥኑን የምትከፍት የምትዘጋ እሷ ናትና እሷን ጠረጠርን። ልጄም ሳያናግራት ሰነበተ። በኋላ ራሷ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። "ዋሽቻለሁ፣ እኔ ነኝ የረገጥኩት፣ የሰው ስም አጥፍቻለሁ" አለች።» ሐጃ እጁን ጠበቅ አደረጉት። «በቤቴ ስምህ በሐሜት ተነስቷል፣ ልጄ። ሳልነግርህ ብሞት አላህ ይጠይቀኛል። ዲፈማ፣ አፉ በለን።»

አምባዬን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይሻለው ነበር፤ መሬት ግን እንዲህ ላለ ሰው አትከፈትም። አሁን አንዲት ቃል «አፉ ብያለሁ» ቢል ነገሩ ያልቃል። የዳነ ስም ይዞ አዳማ ይገባል፤ ምሳም ይበላል። አፉም ከልምዱ የተነሳ ቀድሞት ሄደ።

«ኧረ ምንም አይደል፣ ሐጃ» አለ።

በዚህ መሐል ምራቲቱ ማስታጠቢያና ጆግ ይዛ ገባች። ምሳ ሊቀርብ ነው። መጀመሪያ እንግዳው ነውና ፊቱ በርከክ ብላ ጆጉን ዘንበል አድርጋ ጠበቀችው። ቀና ብላ አላየችውም። ይህች ሰው ያየችውን ተናግራ ውሸታም ተባለች፤ ቀጥላ እሱ ላጠፋው እሷ እግር ላይ ወደቀች፤ አሁን ደግሞ እጁን ልታስታጥበው ነው። አምባዬ ፊቱ እንደ ጥብስ ጋለ። ያን ቀን ካፈረው ሁሉ፣ በሕይወቱም ካፈረው ሁሉ፣ ይህ በለጠበት። ለውሃው የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«ሐጃ፣ እሷ አልዋሸችም» አለ። «እኔ ነኝ የረገጥኩት። ነፋስ ጣለው፣ ሳላይ ረገጥኩት፣ እሱስ እውነት ነው። ዱካውን ግን አይቻለሁ። አይቼ አዙሬ ሰቀልኩት፣ አይቼ አጥፌ ሰጠሁዎት። ኤዬ ያልኩዎትም ምን እንዳሉኝ ሳይገባኝ ነው። ኦሮምኛ አልችልም። አልችልም ማለት አፍሬ ነው።»

ሮባ ሚስቱን አየ፣ ቀጥሎ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና ወደ ውጭ ወጣ። ሐጃ ኡሙልኸይር የአምባዬን እጅ ቀስ አድርገው ለቀቁት።

«እግርህ አላየም» አሉት። «በእግርህ አልቀየምም። ጨርቅም ይታጠባል፣ አላህም ያውቃል። አፍህ ግን እያወቀ ነው ዝም ያለው።»

ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው በኦሮምኛ ለረጅም ጊዜ አነጋገሯት፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነበር። አምባዬ ቃሉ አልገባውም፤ ዲፈማ የምትለዋ ግን ደጋግማ ስትመጣ ሰማት። ልጅቱ የአማቷን ጉልበት ሳመች፤ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ተመልሳም እንግዳው ፊት በርከክ አለች።

«እጅዎን ይታጠቡ» አለችው።

«አንቺም እንግዲህ… ሰማሽኝ አይደል» አለ አምባዬ።

«የነገሩት ለእሳቸው ነው» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «እኔን ምንም አላሉኝም።»

እውነቷን ነው። አምባዬ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ይቅርታ ሲጠየቅ መጀመሪያ ስም ይጠራልና ስሟን ሊጠራ ፈለገ። የለውም። ይህችን ሴት አገጭሽን ቀና፣ ትከሻሽን ወደዚህ እያለ ደጋግሞ አንስቷታል፤ ፎቶዋንም ኮምፒውተር ላይ አስጠግቶ አጥርቷል። የትኛው ጉንጯ ለብርሃን እንደሚመች ያውቃል። ስሟን ጠይቆ አያውቅም።

«ስምሽን… ስምሽን ማን ልበል?»

ሐጃ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጅቱ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ዱሬቲ።»

«ዱሬቲ፣ በደልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ጆጉን ዘንበል አድርጋ ውሃውን በቀስታ እጁ ላይ አፈሰሰችለት፤ እስኪያለቀልቅ ጠበቀችው፤ ፎጣውንም አቀበለችው።

«ሰምቻለሁ» አለችው።

ይቅር ብያለሁ አላለችም። አምባዬም ደግሞ መጠየቅ አፈረ።